«ነይ» ስም አይደለም

ሰኞ

ባለቤቴ ዛሬ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣች። ቀያሽ ናት። የመንገድ ፕሮጀክት ነው፣ ሦስት ወር። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ተጠይቃ ሁለቴም በልጅ አሳባ ቀርታለች። ያሳበበችው እሷ፣ እንድታሳብብ ያደረግኋት እኔ። በሦስተኛው ሳታማክረኝ እሺ አለች።

ሚጢጢ ተኝታ ነበር። ሁለት ዓመት ከአምስት ወሯ ነው። እናቷ «ቀስቅሼ ልሰናበታት» አለች። «ተዪ፣ ካየችሽ ታለቅሳለች። ስትነሳ እኔ እነግራታለሁ» አልኳት። የሻንጣው ጎማ ወለሉ ላይ እንዳይጮህ በእጇ አንጠልጥላው ወጣች። በሩ ላይ ዞር ብላ የተናገረችው ስንብት አይደለም። «አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል። እስቲ አሁን እናያለን» አለች። ማንን እንደሆነ አልጠየቅሁም። በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ የተኛችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት።

ረቡዕ

«እማ የታለች?» ጠዋት። «ሥራ።»
«እማ የታለች?» ገላዋን ሳጥብ። «ሥራ።»
«እማ የታለች?» መብራት ሳጠፋ። «ሥራ ናት አልኩሽ እኮ።»

ዓርብ

ዛሬ አልጠየቀችም። ልጅ ቶሎ ይረሳል።

ይህን ጽፌ መልሼ አነበብኩት። የፊደል ስህተት የለበትም።

ማክሰኞ፣ ሁለተኛ ሳምንት

ነቃች፦ አምስት ሰዓት። ሰባት ተኩል። ዘጠኝ። አሥር ከሩብ።

ሐሙስ ሌሊት

ተኝታለች፣ ስለዚህ እጽፋለሁ። ይህ ደብተር በሌላ ሰዓት የሚጻፍ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትነቃለች፣ አልጋዋ ውስጥ ትቆማለች፣ የአልጋዋን አጥር በሁለት እጇ ትይዛለች፣ ከዚያ «ነይ!» ትላለች። ለቅሶ አይደለም፣ ትእዛዝ ነው። እኔ እገባለሁ። በትከሻዬ ላይ አሻግራ በሩን ታያለች። እንደገና «ነይ!»

«‹ና› ነው የሚባለው» እላታለሁ። «እኔ ወንድ ነኝ። ለሴት ‹ነይ›፣ ለወንድ ‹ና›።» ጣቴን ከፍ አድርጌ ነው የምነግራት፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትምህርት ያለ ጣት አይገባም።

የሚገርመው ቀን ላይ አትሳሳትም። «አባ ና፣ ጫማ።» «አባ ና፣ ውሃ።» ጥርት ያለ ሰዋስው። ሌሊት ግን ይጠፋባታል። ድካም ይመስለኛል።

ሥራዬ ማረም ነው፣ ማተሚያ ቤት። ባልደረቦቼ «አራት ነጥብ» ይሉኛል። የሙያ ክብር መስሎኝ ዓመት ሙሉ ደስ ሲለኝ ከረመ፣ ለካ እኔ ስደርስ ወሬ ስለሚያበቃ ነው። ሰሞኑን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የአንድ የሕፃናት ሐኪም መጽሐፍ ነው። አራት መቶ ገጽ፣ ስለ ሕፃናት እንቅልፍ። ዕጣ ፈንታ ቀልደኛ መሆኑን በብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ። እንዲህ ርካሽ ቀልድ እንደሚወድ ግን ያነበብኩበት የለም።

እሑድ

ሚጢጢን ቀን ቀን የሚይዙልኝ ጎረቤታችን ናቸው፣ ጡረታ የወጡ መምህርት። ግድግዳ እንጋራለን። ዛሬ ደረጃውን ስወጣ ከታችኛው ፎቅ ልብስ ሰፊ ጋር ቆመው ያወራሉ። የእግሬን ኮቴ አልሰሙም።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሊት ስትንጎራደድ የምሰማው እሷን ነው» ይላሉ። «እሹሩሩ ስትል፣ ወተት ስታሞቅ። እሱማ፣ እቴ! ማንኮራፋቱ ግድግዳ ይበሳ ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች። «ወንድ ልጅ እንቅልፉን ከእናቱ ጡት ነው የጠባው» አለች።

ሳል አልኩና አለፍኩ። «እንደምን ዋላችሁ።»

ማንኮራፋቴ ትክክለኛ አለመሆኑን ግድግዳው አልነገራቸውም። የእውነት የሚያንኮራፋ ሰው በየመሃሉ ያቋርጣል፣ ይገላበጣል፣ ይታነቃል። እኔ ወጥ ነበርኩ። እሷም ልዩነቱን ሳታውቅ አልቀረችም። ቀያሽ ናት፣ ተፈጥሯዊ ኮረብታንና የተቆለለ አፈርን መለየት ሥራዋ ነው።

ቅዳሜ፣ ሦስተኛ ሳምንት

እናቷ ደወለች። ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታ ላይ ስለሆነ በሳምንት አንዴ ትወጣለች። ሚጢጢ ከተኛች በኋላ እንድትደውል ያልኳት እኔ ነኝ። ድምፅ ከሰማች ትረበሻለች ብዬ ነው።

«ትተኛለች?»
«እንደ ድንጋይ።»
«እኔ እያለሁ በሌሊት ሁለት ጊዜ ትነሳ ነበር።»
«እንግዲህ አያያዝ ነው።»
ከማዶ ነፋሱ ይሰማል።
«ትጠይቀኛለች?»
«ስምሽን አታነሳም።»

ውሸት አልተናገርኩም። «ነይ» ስም አይደለም፤ ግስ ነው።

ማክሰኞ፣ አራተኛ ሳምንት

ገጽ አንድ መቶ አርባ። «ወላጅ ለጉዞ ሲወጣ ሕፃኑን ተኝቶ ሳለ ጥሎት አይሂድ። ሲተኛ አጠገቡ የነበረ ሰው ሲነቃ የጠፋበት ሕፃን እንቅልፍን ራሱን ይፈራል።»

«ሳለ» ከሚለው ቃል በኋላ አንድ ነጠላ ሰረዝ ጨመርኩ። ትንፋሽ ያስፈልገው ነበር።

ረቡዕ

የምትነቃው በሩ ፊት ለፊቷ ስለሆነ ነው ብዬ አልጋዋን አዞርኩት። ከአልጋው ጋር ሁለት ሰዓት ታገልኩ፣ አውራ ጣቴ ተላጠ። ሌሊት ነቃች። ግድግዳውን አየች። ዞረች። በሩን አገኘችው።

«ነይ!»

የቀያሽ ልጅ ናት፤ አቅጣጫ አይጠፋባትም።

ዓርብ

አምስት ጊዜ። ወተት፣ እምቢ። ውሃ፣ እምቢ። ተረት፣ እምቢ። ተሸክሜ መንጎራደድ፣ እሺ፣ ግን ወደ በሩ ብቻ።

ቢሮ ውስጥ ቆሜ ተኛሁ። ማንም አላወቀም። ቆሞ የሚያነብ ሰውና ቆሞ የሚተኛ ሰው አንድ ዓይነት ናቸው።

ማክሰኞ፣ አምስተኛ ሳምንት

ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣ የመጨረሻው መስመር፦ «ሕፃኑ ነቅቶ ሲያለቅስ ብቻውን ይተዉት።»

አጭር፣ ግልጽ፣ ወንድነት ያለው ዐረፍተ ነገር። በአራት መቶ ገጽ ውስጥ የወደድኩት ይህን ብቻ ነው። በኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ጥሩ» ብዬ ጻፍኩበት። ለአንድም ደራሲ እንዲህ አድርጌ አላውቅም። ገጹን ሳልገልጥ ወደ ቤት ሄድኩ።

ማክሰኞ ሌሊት

ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ ጠራች። አልገባሁም። ኮሪደሩ ላይ ወንበር ይዤ፣ ሰዓቴን ፈትቼ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ትእዛዝ ነበር፤ ከዚያ ጥያቄ ሆነ፤ ከዚያ ልመና። ቃሏ ግን አልተለወጠችም። ያችው አንዲት ቃል ስንት ዓይነት ሥርዓተ ነጥብ ልትሸከም እንደምትችል አላውቅም ነበር።

ከግድግዳው ማዶ መምህርት ሁለት ጊዜ አንኳኩ። አልመለስኩም። ሐኪም ያዘዘው ነው።

በአርባ ሦስተኛው ደቂቃ ዝም አለች። ገባሁ። ቁጢጥ ብላ እንዳለች ተኝታለች፣ እጆቿ አጥሩን እንደያዙ፣ ጉንጯ ብረቱ ላይ ተለጥፏል።

ሠራ።

ረቡዕ

ጉንጯ ላይ ሁለት መስመር ታትሟል። እስከ ረፋድ አልጠፋም። መምህርት አገጯን ይዘው ወደ መስኮቱ አዞሯት። «ምን ነክቷት ነው?»
«ትራስ።»
«የምን ትራስ ነው ብረት የሚሆን?» አሉ። ከዚያ «ልጄ» አሉኝና ሚጢጢን አቅፈው ገቡ።

ሐሙስ፣ ስድስተኛ ሳምንት

ሰባት ጊዜ። ሰባት! ወንበሩ አሁን ከኮሪደሩ አይነሳም።

መጽሐፉን ከእጅ ጽሑፉ እየተየበች የለቀመችው ሴትዮ ጣቷ ስለሚፈጥን «ባቡሯ» ትባላለች። እኔ እትዬ እላታለሁ። በአሥራ አምስት ዓመት ትበልጠኛለች፣ አራት ልጅ አሳድጋለች። ዛሬ ያረምኩትን ልሰጣት ስሄድ ቀና ብላ አየችኝ።

«ዓይንህ ምን ሆኗል አንተ? የፈረጠ ቲማቲም መስሏል።»
«ልጅቷ ትነቃለች።»
«ነቅታስ?»
«‹ነይ› ትላለች። ጾታ ትሳሳታለች። እያረምኳት ነው።»

ጣቶቿ ቆሙ። የባቡሯ ጣቶች ሲቆሙ ክፍሉ ሁሉ ጸጥ ይላል።

«ቀን ላይስ ምን ትልሃለች?»
«ቀን ላይ ‹ና›። ቀን ላይ ደህና ናት።»
«አንተ ሰውዬ፣ ቀን ወንድ የነበርክ ሌሊት ሴት ትሆናለህ እንዴ?»
ከወዲያ ጥግ ያሉት ሳቁ።
«ድካም ነው፣ እትዬ።»
«ድካምስ ነው። የማን እንደሆነ ነው እንጂ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦ «ልጅቷ ምንም አልተሳሳተች። የምትጠራው አንተን አይደለም።»

አራት ልጅ ማሳደግ ሰዋስው መማር ማለት አይደለም። ወረቀቱን ሰጥቻት ተመለስኩ።

ቅዳሜ፣ ሰባተኛ ሳምንት

«ትተኛለች?»
«እንደ ድንጋይ አልኩሽ እኮ።»
«አንተስ ድምፅህ ምነው?»
«ጉንፋን።»
«ትጠይቀኛለች?»
«ስትመጪ ስጦታ ይዘሽ ነይ፣ ያኔ ታስታውስሻለች።»

ለቀልድ ነበር። ማዶ የሳቀ የለም። «ነይ» ከአፌ ሲወጣ ግን የእኔም ድምፅ እንደ ሚጢጢ ወደ በሩ ሄደ። ጉንፋኑ ይሆናል።

ሰኞ፣ ዘጠነኛ ሳምንት

ለመጻፍ ጊዜ የለም። ስድስት ጊዜ። ዝናብ። ልብስ አልደረቀም። መጽሐፉ ታተመ።

ረቡዕ

ዛሬ ሐኪሙ መጡ። መልካም ሽማግሌ ናቸው፤ ገና ከመጠረዣው የወጣውን ቅጂ እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጃቸው ነው የተቀበሉት። እያገላበጡ ፈገግ ይላሉ። ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ፈገግታው ቆመ።

«ይህን ያነበበው ማን ነው?»
«እኔ ነኝ፣ ዶክተር።»
«እስቲ ጮክ ብለው ያንብቡልኝ።»
«‹ሕፃኑ ነቅቶ ሲያለቅስ ብቻውን ይተዉት።›»
«እኔ የጻፍኩት ‹አይተዉት› ብዬ ነው።»

የእጅ ጽሑፋቸው ወጣ። «አይተዉት»። የአ እግሮች እንደ ሁለት ምሰሶ ተተክለዋል፣ ዕውር እንኳ ዳብሶ ያገኛቸዋል። ባቡሯ ስትለቅም አምልጧታል፤ እሷን ታምልጣት፣ ያመለጣትን እንድይዝ ነው እኔ የተቀጠርኩት።

«ደግሞስ፣» አሉ፣ «የሚቀጥለው ገጽ የሚለውን እንዴት ከዚህ ጋር አስታረቁት?» እሳቸው ራሳቸው አነበቡት፦ «‹ብቻውን የተተወ ሕፃን ዝም የሚለው ስለተረጋጋ አይደለም። የሚመጣ ሰው የለም ብሎ ስላመነ ነው።›»

ያንን ገጽ አንብቤዋለሁ። በማግስቱ። አራት ነጥቦቹን አይቼ አለፍኩ።

«ምንም አልከነከነዎትም?»
«አልከነከነኝም።»

ሽማግሌው አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። አዘኑልኝ። «ልጅ የለዎትም መሰለኝ» አሉ። «ልጅ ያለው ሰው ይህችን አያሳልፍም።»

«የለኝም፣ ዶክተር» አልኩ።

ባቡሯ ከጠረጴዛዋ ቀና አለች። ከዚያ ጎንበስ አለች።

ሐሙስ

ሁለት ሺህ ቅጂ ተጠርዟል። ደግነቱ አንድም አልወጣም። አለቃችን «አንድ ፊደል ናት፣ በእጅ ትግባ» አለ። በማን እጅ እንደሆነ አልተናገረም። ሁሉም ወደ እኔ አዩ።

ማክሰኞ፣ አሥረኛ ሳምንት

አ። ይዘጋል። ይከመራል። ሌላው ይከፈታል። አ።

ከስድስት መቶ በኋላ ፊደል መሆኑ ይቀርና ድምፅ ይሆናል። እጄ ይጽፋል፣ ጆሮዬ ይሰማል።

ከሰዓት በኋላ ባቡሯ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች፣ እስክሪብቶ አነሳች። ለረጅም ጊዜ አብረን ጻፍን።

«‹የለኝም› አልካቸው?»
«ነገሩ እንዲቀል ብዬ ነው፣ እትዬ።»
«ለማን?»

አ። አ። አ።

«ስማኝ» አለች፣ ከመጽሐፉ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ። «የጣልኳት እኔ ነኝ። ስለቅም እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኝ ነበር፣ አለቀ። አንተ ግን ለምን እንዳለፍካት አንተው ታውቃለህ። ለሚስትህ ደውልና ልጅቷ እየጠራችሽ ነው በላት።»
«ሥራዋ ነው። ትረበሻለች።»
«ትረበሽ እንጂ! እናት አይደለችም እንዴ?»

እላለሁ። ቅዳሜ እላለሁ።

ቅዳሜ፣ አሥራ አንደኛ ሳምንት

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደወለች። እንዴት እንደምጀምር ቀን ሙሉ ስለማመድ ውዬ ነበር። ቀደመችኝ።

«የመንገዱን ሁለተኛ ምዕራፍ ቀጥዪ ብለውኛል። ስድስት ወር።»
«እና?»
«እና እንጃ። ሰኞ መልስ ይፈልጋሉ።» ነፋስ። «እውነቱን ንገረኝ፣ አልቆጣም። አንድ ቀን እንኳ ፈልጋኝ አታውቅም?»

አሁን ነበር ማለት። አፌ ተከፍቶ ነበር። ግን ያን ካልኩ ያለፉት አሥር ቅዳሜዎች ሊታረሙ ነው። «እንደ ድንጋይ» ሊታረም ነው። «አያያዝ ነው» ሊታረም ነው። ከዚያም ወደ ኋላ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንኮራፋሁት።

በዚህ መሃል ከመኝታ ክፍሉ፣ ጥርት ብሎ፦

«ነይ!»

ስልኩን በመዳፌ ሸፈንኩት።

«ማን ነው?» አለች እናቷ።
«ቴሌቪዥን።»

ኮረብታው ላይ ምን ያህል እንደቆመች አላውቅም። «እሺ» አለች በመጨረሻ። «እሷ ደህና ከሆነች ምን አጨቃጨቀኝ። እፈርማለሁ።»

እሑድ

መልእክት ጻፍኩላት። «ሌሊት ሌሊት ነይ ትልሻለች።» አራት ቃል። «ነይ»ን በትእምርተ ጥቅስ ላድርጋት አላድርጋት ብዬ ግማሽ ቀን አመነታሁ። አደረግሁ። አወጣሁ። አደረግሁ። ከዚያ መሸ። ነገ ጠዋት እልካለሁ፣ ከመፈረሟ በፊት።

ሰኞ

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከእሷ መልእክት መጣ፣ ኮረብታው ላይ ወጥታ ይሆናል፦ «ፈረምኩ።»

የእኔ መልእክት ሳትላክ ተቀምጣለች። ትእምርተ ጥቅሱ ግን ትክክል ነው።

ሐሙስ፣ አሥራ ሁለተኛ ሳምንት

ሁለት ሺኛው አ ተጻፈ። ባቡሯ እስክሪብቶውን ከጣቶቼ መሃል መንጭቃ ወሰደችው። «በቃ፣ አለቀ። አሁን ወደ ቤትህ ሂድና ተኛ» አለች። ከዚያ ፊቴን አይታ፦ «የእውነት ተኛ ማለቴ ነው።»

ወንበሩን ከኮሪደሩ አነሳሁት።

ዓርብ ሌሊት

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድምፅ ሰማሁ። ከአሥር ደቂቃ በፊት ጀምሬ ነቅቼ እጠብቃት ነበር። እየሮጥኩ ገባሁ።

አልጋዋ ውስጥ ቆማለች። እጆቿ ግን አጥሩን አልያዙም። በሩንም አታይም። እኔን ነው የምታየው፣ ልክ ፊቴን።

«አባ። ና።»

ትክክል ነው። አሥራ ሁለት ሳምንት የደከምኩበት። ጾታው ልክ፣ ጥሪው ልክ፣ አነጋገሩ ጥርት ያለ።

አቀፍኳት። እስካሁን ሳይዞር ቀርቶ የማያውቀው አንገቷ ወደ በሩ ይዞር ይሆን ብዬ ጠበቅሁ፤ ቀጥ እንዳለ ነው። እኔው ወደ በሩ አዞርኳት። «ነይ በይ» አልኳት በጆሮዋ። «ሚጢጢ፣ ነይ በይ እስቲ። ነይ።»

ከትከሻዬ ቀና ብላ አየችኝ፣ እንደ ተሳሳተ ተማሪ። ከዚያ አንዲት ጣቷን ከፍ አደረገች።

«ና!» አለች። «ነይ የለም። ና!»

ትከሻዬ ላይ ጋደም አለች። ወዲያው ተኛች።

ቅዳሜ ንጋት

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው። ከዚያ ወዲህ አልነቃችም። አንዴም። ከማዶው ግድግዳ መምህርት ሲንጎራደዱ ይሰማኛል። ጸጥታው ነው መሰል የቀሰቀሳቸው።

ስልኬን ከፍቼ መልእክቷን አነበብኳት። «ሌሊት ሌሊት ‹ነይ› ትልሻለች።» ስህተት አለባት። የፊደል አይደለም፣ የጊዜ ነው። «ትልሻለች» የሚለውን አጥፍቼ «ትልሽ ነበር» አልኩ።

ደግሜ አነበብኳት። አሁን ምንም የሚታረም የለባትም።

ላክኋት።